የስኩተሯ ግራ ጉንጭ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከውሸት የተበደረች አንዲት ቃል ብትገኝበት የተናገረው አፍ ይጣመም፣ የጻፈውም እጅ ይድረቅ! ከዚህ የጠነከረ መሐላ አለኝ የሚል ካለ ያምጣና ይጨመርበት። ታሪኩን የሚያውቁት ደግሞ አንድ ሁለት ሰዎች አይደሉም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሰፈሩን አቋርጠው የሚበሩ ወፎች ሳይቀሩ ያውቁታል። ምስክር ለሚሻ ምስክር ሞልቷል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይቀርባል።

ባለታሪኩ ላሜራ ሠሪ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ሁሉም ጋሽ መስታወት ይለዋል። ይህን ስም ያገኘው በመዶሻው ነው። የተጨራመተ የመኪና በር ወስዶ፣ ቀጥቅጦ፣ ፍቆ፣ ቀብቶ ሲያወጣው ሰው በሩ ፊት ቆሞ ጺሙን ይላጭ ነበር። ውሾች በገዛ ምስላቸው ላይ ሲጮሁ ይውሉ ነበር። አንድ ሙሽራ ወደ ሠርጉ ሊሄድ ሲል እሱ በቀባው በር ላይ ራሱን አየና፣ «ይሄን የመሰለ ሰው እንዴት ለአንዲት ሴት ብቻ ይሰጣል?» ብሎ ሐሳቡን ሊለውጥ ምንም አልቀረውም፤ ጓደኞቹ ናቸው እየጎተቱ የወሰዱት። ይሄም እውነት ነው።

ያ ግን ዱሮ ነው። ዛሬ የመኪናው አካል ግማሹ ፕላስቲክ ሆኗል፤ ሲሰነጠቅ ይጣልና አዲስ ይገጠማል። ለሚጣል ነገር መዶሻ ማን ያነሳል? የጋሽ መስታወት መዶሻዎች በግድግዳው ላይ በየቁመታቸው ተሰልፈው፣ ስማቸው እስኪጠራ እንደሚጠብቁ ጡረተኞች ቁጭ ብለዋል። ጋራዡ የግቢው ግማሽ ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ። ከጋራዡ ጀርባ ሁለት ክፍሎች አሉ። ሚስቱ ካረፈች፣ ልጁም ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ በአንደኛው ክፍል እሱ ይተኛል፤ በሌላኛው ዝምታ ይተኛል። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ የሚነሳው ዝምታው ነው።

ልጁ በሩቅ ከተማ መነጽር ቤት ትሠራለች። የሰው ዓይን እየለካች መነጽር ትሰጣለች። ከእሷ መነጽር የወሰደ ሰው ጨረቃ ላይ ያለውን ጠጠር ከጠጠር ይለያል። ይሄ የአባቷ ቃል ነው፤ አባቷ ደግሞ ሲቀንስ ካልሆነ ሲጨምር ታይቶ አይታወቅም። እሑድ እሑድ ትደውልለታለች።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«እንደ ብረት!»

«ምን አዲስ ነገር አለ?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ይህ ከድንጋይ ወሬ የሚያልብ ሰው፣ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ የአንድ ሙሉ ዘመቻ ታሪክ ይዞ የሚገባ ሰው፣ ልጁ ይህን በጠየቀችው ቁጥር አፉ ይደርቃል። ምን ይበላት? የቧንቧው ጠብታ አሁንም አልቆመም ይበላት? በርጩማው እንዳለ ነው ይበላት? ለማጋነንም እኮ መነሻ ያስፈልጋል፤ ባዶን የፈለጉትን ያህል ቢነፉት ያው ባዶ ነው።

«ምንም። አለን፣» ይላል። ማን ከማን ጋር እንዳለ እሱ ያውቃል።

«በል እሺ አባዬ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ሳምንት እደውላለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮው ላይ እንደያዘው ይቆያል። ወሬው የሚመጣለት ያኔ ነው። ለተዘጋው ስልክ እንዲህና እንዲያ ብሎ ያወራለታል፤ ስልኩም ጥሩ አድማጭ ነው፣ አያቋርጠውም።

ታዲያ አንድ እሑድ ጠዋት አዲስ ነገር ሆነ።

ጋሽ መስታወት አንዲት ስኩተር አለችው። ሁለ ነገሯ ላሜራ በነበረበት ዘመን የተሠራች፣ ቅጠል የመሰለች አረንጓዴ፣ ከመቀመጫዋ በታች ግራና ቀኝ የተነፉ ሁለት ጎኖች ያሏት። እሱ ጉንጮቿ ይላቸዋል። ልጁ ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት ያመላልሳት የነበረው በዚህችው ስኩተር ነው። ከኋላው ተፈናጣ፣ በሁለት እጇ ወገቡን ቆልፋ፣ ፊቷን ጀርባው ላይ ትለጥፋለች። እሱም ጥግ ላይ በደረሱ ቁጥር ዞር ይልና፣ «አጥብቀሽ ያዢኝ፣ የኔ እናት፤ መታጠፊያው ጋ ደርሰናል!» ይላታል። ያኔ የዚያ መንገድ ሰው አውሮፕላን ነው ያለፈው ወይስ ጋሽ መስታወት ብሎ ይወራረድ ነበር።

እና በዚያች እሑድ ጋሽ መስታወት በስኩተሯ ረጅሙን ቁልቁለት እየወረደ ነበር። ቁልቁለቱ እንዴት ያለ ነው ቢሉ፣ ከላይ የተለቀቀ ኳስ ታች እስኪደርስ ፋሽኑ ያልፍበታል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ፣ ጉድ በል! አንድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው መንገዱን ከግንብ እስከ ግንብ ሞልቶ ከች አለ። ርዝመቱ ሌላ ነው፤ ከፊቱ ፀሐይ ነበር፣ ከኋላው ዝናብ። ፍሬኑ እምቢ ብሎታል። ሾፌሩ በመስኮቱ ተንጠልጥሎ «ወገን፣ ሽሹ!» እያለ ይጮኻል። ወደ ቀኝ ቢሉ ግንብ፣ ወደ ግራ ቢሉ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች። ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ዓለምን ይሰናበት ነበር። ጋሽ መስታወት ግን ስኩተሯን በግራ ጉንጯ አስተኛት። እሳት እየተፋች በጎማዎቹ መሀል ሾለከች፤ በተሳቢው ሆድ ሥር አለፈች፤ በወዲያኛው ጫፍ ብድግ! ሾፌሩ መኪናውን እንደምንም አቁሞ እየሮጠ መጣና ግንባሩን ስሞ፣ «አባቴ፣ ሰው ነዎት ወይስ ዓሣ?» ብሎ አለቀሰ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሰውየው ላይ የደረሰው ጉዳት፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አቧራ ነካው። በስኩተሯ ላይ ደግሞ የፍሬኗ እጀታ ጫፉ ጎበጥ አለ፤ በግራ ጉንጯ ላይ መዳፍ የምታህል ስርጉዳት ወጣች፤ ከስርጉዳቷ በታች ቀለሙ ተፍቆ ላሜራው ታየ። ከዚያ ሁሉ ተሳቢ ይህችው ብቻ? ለሚል ተጠራጣሪ መልሱ አጭር ነው፤ መውደቅም ሙያ ነው።

አቧራውን ገና ሳያራግፍ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ፣ ደህና ነህ? ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ወድቄ ነበር።»

«ቆይ፣ አንዴ ቆይ፣» ስትል ሰማት። ለሌላ ሰው ነው የተናገረችው። ያን ዕለት ቆይ የተባለው ሌላው ሰው ሆነ። «የት? ከምን ላይ? ምንህን ተመታህ? አባዬ፣ ንገረኛ!»

የት ብሎ የጠየቀው ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው! ነገራት። ቁልቁለቱን ነገራት፣ ግንቡን ነገራት፣ እናቶቹን ነገራት። እሷ «ወይኔ!» ስትል እሱ የረሳው ነገር ትዝ ይለዋል፤ ትዝ ባለው ቁጥር መኪናው ጎማ ይጨምራል። የትንፋሿን ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ልክ እንደ ዱሮው፣ ከጀርባው የተለጠፈች ያህል።

«ቅዳሜ እመጣለሁ፣» አለችው።

«ኧረ ተይ፣ ሥራሽን ትተሽ…» አለ። በጣም በቀስታ ነው ያለው፤ እንዳትሰማው።

«እመጣለሁ አልኩህ። ነገሩ እንዳልከው ከሆነ ፈቃድ ወስጄ አብሬህ እከርማለሁ። እንዲህ ሆነህ ብቻህን አልተውህም። ስኩተሯንም እንዳትነካት፤ እንዴት እንደሆነች በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

እከርማለሁ። ጋሽ መስታወት ቃሏን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ሲያዞራት ዋለ።

ያን ቀን ሰፈሩን ዞረ። መጀመሪያ ባለሱቁ ጋ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላም ተመልሶ ሄደ። ባለሱቁ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማውና፣

«ጋሽ መስታወት፣ ጠዋት ሲነግሩኝ መኪናው ተሳቢ አልነበረውም እኮ!» አለ።

«አንተ ስትሰማ ተሳቢው ገና አልደረሰም ነበራ! ረጅም ነው አልኩህ!»

«እና ነገ ብመጣ ባቡር ይሆናል ማለት ነው?»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ከዚህ ሳጥን ወጥተህ አታውቅ!»

«አይ፣ ዋናው መትረፍዎ ነው፣» ብሎ ባለሱቁ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ጋሽ መስታወት ቀሪውን ታሪክ ለሚዛኑ ነግሮ ወጣ።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቱ ናት፤ የአንድ ክፍሏ መስኮት በአጭሩ አጥር አናት ላይ አልፎ የእሱን ግቢ ያያል። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከጠዋት እስከ ማታ ከእሷ ቤት የሚሰማው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ነው፤ ቃል በክር የምትገዛ ይመስል ሁለት ከተናገረች በዛ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ስታስቀምጥለት ኖራለች፤ ለስላሳ ለስላሳውን፣ ለመወልወያ። ያን ዕለትም በመስኮቱ አቀበለችው።

«መቼም አንቺ ሰምተሻል፣ ያን የመሰለ አደጋ!» አለ ጋሽ መስታወት።

«እህ።»

«ጩኸቱ እንኳን እዚህ፣ ባሕር ማዶ ተሰምቷል። አላየሽም እንዴ?»

«እኔ መርፌዬን ነው የማየው፣ ጋሽ መስታወት፣» አለችና ቀና ብላ አየችው፤ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ። «ጉልበትዎን ግን ሙቅ ውኃ ያድርጉበት።»

ጉልበቱን እንዳመመው ለማንም አልተናገረም ነበር። ከዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጉልበቱን ረስቶታል።

ቤቱ ሲገባ ስኩተሯ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ስርጉዳቷን አያት። ነገሩ እውነት ነው፣ ተምሎበታል፤ ግን እውነትም ቢሆን ማስረጃ ይወዳል። ያን የሚያህል ተሳቢ ይህችን የምታህል ምልክት ትቶ ሄደ ቢባል፣ የሰው ዓይን እየለካች የምትኖር ልጅ ምን ትላለች? ከላይ አያት፤ ትንሽ ናት። ከጎን አያት፤ ይብስ ትንሽ ናት። ዓይኑን አጥብቦ ሲያያት ጨርሳ ጠፋች።

ከግድግዳው ትልቁን መዶሻ አወረደ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ እግዜር ይቅር ይላል። መዶሻውን ከጆሮው በላይ አነሳ። ክንዱ እዚያው ቀረ። ያ እጅ ዕድሜውን ሙሉ የጎበጠ ሲያቃና ነው የኖረው፤ ቀና ያለውን አጉብጥ ሲባል ቋንቋው አልገባውም። ጋሽ መስታወት እጁን ለመነው፣ ተቆጣው፣ በስሙ ጠራው፤ እጅየው እምቢ። መጨረሻ ላይ መዶሻውን መልሶ ሰቀለና ስኩተሯን በአሮጌ አንሶላ ሸፈናት።

«አልነካሽም፣» አላት። «ልጅቷ አትንካት ብላለች። እኔም አልነካም።»

ቀኑ ግን ረጅም ነው። የልጁን ክፍል ጠረገ፤ ፍራሹን አራገፈ፤ መስኮቱን ወለወለ፤ ከዚያ ደግሞ የሚጠርግ ፈልጎ አጣ። አንሶላው ሥር ያለችው ስርጉዳት እንደ ተንጠለጠለ ጥርስ ሆነችበት፤ ምላስ እየሄደ ይነካካዋል። ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ የገባች የመጀመሪያዋ የላሜራ ሥራ ነበረችና! ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል። እጅማ ጭራሽ አይመነኩስም።

ዓርብ ጠዋት አንሶላውን ገለጠ። የፍሬኑን እጀታ ብቻ ነው፤ የተጣመመ እጀታ የሰው ጣት ይቆርጣል፤ ይሄ ጥገና አይባልም፣ ጥንቃቄ ነው። እጀታውን አቃናው። ከዚያ ጉንጯን በጨርቅ ጠረግ አደረጋት፤ አቧራ ማስረጃ አይደለም። ከዚያ ብሎኖቿን ፈትቶ ጉንጯን አወጣት፤ ከውስጥ በኩል እንዴት እንደሆነች ለማየት ያህል። ከውስጥ ሲያያት ላሜራዋ እንደ ተከፋ ልጅ ከንፈሯን ጥላለች። ይሄን አይቶ ዝም የሚል ላሜራ ሠሪ ካለ መዶሻው ይወረስ!

የመደገፊያውን ብረት በግራ እጁ ከውጭ ደገፈ፤ በቀኙ ትንሿን ክብ መዶሻ ይዞ ከውስጥ መታ፤ ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል፤ ከመሀል የጀመረ ላሜራውን ይዘረጋውና ዕድሜ ልኩን ሲያሳድደው ይኖራል። ያ ጠ፣ ጠ የሚለው ድምፅ በሦስት ሰፈር ተሰማ፤ አሮጊቶች «ጋሽ መስታወት ተመለሰ!» ብለው ከቤት ወጡ። ወጡ ነው የተባለው። ግቢው በር ላይ ግን ማንም አልታየም።

ሲቀጠቅጥ ያወራ ነበር። የሚያወራው ለበርጩማው ነው። ልጁ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሲሠራ ታየው ነበር። «አየሽ፣ ዓይን ይታለላል፣» ይላታል ዛሬም። «ብርሃን ያታልለዋል፣ ጥላ ያታልለዋል፣ ቀለም ያታልለዋል። መዳፍ ግን አይታለልም። ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ መዳፍሽን ቀስ አድርገሽ ንጂው። ጸጉር የምታህል ጉብታ ብትኖር ይነግርሻል።» ትንሿን እጇን በእሱ እጅ ሥር አድርጎ በላሜራ ላይ ሲነዳት፣ «አባዬ፣ እዚህ ጋ! እዚህ ጋ አለ!» እያለች ትጮኽ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ።

ጎድጓዳውን የሚሞላውን ስቱኮ ቀጭን አድርጎ ለበጠ። ስቱኮ የሚያበዛ ላሜራ ሠሪ፣ ፊት የሚለጥፍ እንጂ የሚያክም አይደለም። እስኪደርቅ በሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ዳር ዳሩን ፋቀ፤ ሲደርቅ መሀሉን፤ ከዚያ በልሙ፣ በውኃ። ነጭ ውኃ በክርኑ ላይ እየወረደ እጀጌው ውስጥ ገባ፤ አልታወቀውም። መሠረት ቀለሙን ረጨ። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ክዳኗ ላይ ልጁ በልጅነቷ በጣቷ የነካችው አረንጓዴ ምልክት ያለባትን አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ አወጣ። ለስኩተሯ የተበጠበጠ ቀለም ነው፤ ከታች ትንሽ ቀርቷል። አቅጥኖ፣ አጣርቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ረጨው። ሲደርቅ ወለወለው። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ የስኩተሯ ጉንጭ ላይ አረፈችና ራሷን አይታ አፈረች።

ጋሽ መስታወት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየ። ከልቡ ፈገግ አለ። «ይኸውልሽ!» አለ ለበርጩማው። «ማነው አሁን እዚህ ጋ አደጋ ነበር የሚለው?»

ያኔ የተናገረው ነገር ጆሮው ገባ።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ማስረጃው የለም። በገዛ እጁ፣ እያንጎራጎረ፣ አጠፋው። ያን ሁሉ ተሳቢ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ ልጅ የምታከርም አንዲት ስርጉዳት፣ ጠርጎ አወጣት። ሚስማር አንስቶ አዲሱን ቀለም ሊጭረው ጠጋ አለ፤ በቀለሙ ውስጥ ሚስማር የያዘ አንድ ሽማግሌ መጣበት። አተኩረው ተያዩ። ሚስማሩን ጣለው።

ልጁ ቅዳሜ መጣች። ጋሽ መስታወት ከእሷ በፊት ያየው ሻንጣዋን ነው። ትልቅ ነበር። ሦስት ወር የሚያስከርም፣ ምን ሦስት ወር፣ ዓለምን ዞሮ የሚመለስ ሰው የሚይዘው ሻንጣ ነበር። በር ላይ አቁማው አባቷ ላይ ተጠመጠመችበት።

«አባዬ! ቆይ ልይህ። ዞር በል። እጅህን አሳየኝ።»

«ኧረ ቀስ! ገና አልዳንኩም፣» ብሎ ወደ ውስጥ እያነከሰ መራት። ሻንጣውን ለመቀበል ተመልሶ እያነከሰ መጣ።

«አባዬ።»

«ወዬ፣ የኔ እናት።»

«ቅድም በግራ እግርህ ነበር የምታነክሰው።»

«ተዛምቶ ነው።»

ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች። ሻንጣውን አላስነካችውም፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ተወችው። «ስኩተሯስ?»

ወደ ጋራዡ ገቡ። ስኩተሯ ቆማለች፤ ጠዋት ከእናቷ ሆድ የወጣች ትመስላለች። ልጁ አንዴ ስኩተሯን አንዴ አባቷን አየች።

«እንዳትነካት ብዬህ አልነበረም?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው! አንቺ ያኔ ብታያት ኖሮ! ለሁለት ተከፍላ ነበር እኮ። ግማሿን ከመንገዱ ወዲህ፣ ግማሿን ከመንገዱ ወዲያ ነው የለቀምኳት። ላሜራዋ እንደ ወረቀት ተጨማድዶ! እኔ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን በጆንያ…»

ልጁ ከመደርደሪያው ላይ ከልብስ ሰፊዋ ቁርጥራጮች አንዱን አነሳች። በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ጨርቁን የስኩተሯ ቀኝ ጉንጭ ላይ ጣል አደረገችና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ቀስ አድርጋ ነዳችው። ምንም። ከዚያ ዞራ ወደ ግራው መጣች።

ጋሽ መስታወት አስተማሪነቱን የረገመው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መዳፏ ከላይ ወረደ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ። በጣቷ በጨርቁ ላይ ትንሽ ክብ ሠራች። ክቡ መዳፏን አክሎ ቀረ።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ፣» አለች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ይሄ ብቻ ነው?»

«መውደቅም እኮ ሙያ ነው፣» አለ ጋሽ መስታወት። ድምፁ ግን ሙያውን ጥሎት ሄዷል።

«በስልክ ከነገርከኝ ወዲህ ሌሊቱን እንዳልተኛሁ ታውቃለህ? የሥራ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነው የመጣሁት። እና ሳምንት ወድቄያለሁ ብትለኝ ምን ብዬ ነው የማምንህ?»

ከአጥሩ ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ልጁ ተነሳችና ወደ ልብስ ሰፊዋ መስኮት ዞረች።

«እትዬ፣ ደህና ሰነበቱ? ያን እሑድ ቤት ነበሩ?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

እነሆ! ምስክር ሰዓቱ ሲደርስ ይቀርባል አልተባለም? ይኸው ቀረበ። ጋሽ መስታወት ከልጁ ጀርባ ሆኖ ዓይኑን ጠቀሰ፤ ቅንድቡን ሰቀለ፤ በሁለት እጁ በአየር ላይ ትልቅ ነገር፣ በጣም ትልቅ፣ ጎማው የበዛ ነገር ሣለ። ልብስ ሰፊዋ አየችው። ከዚያ ልጅቷን አየች። ከዚያ በር ላይ የቆመውን ሻንጣ አየች።

«ነበርኩ፣» አለች።

«የጭነት መኪናውን አይተውታል?»

«ያን ጠዋት እዚህ አካባቢ የሠራ መኪና ይሄ የኔው ነው፣» አለችና የስፌት መኪናዋን መዘውር በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ቁልቁለትም በዚህ ሰፈር የለም። ሁሉም ሜዳ ነው።»

ልጁ ጨርቁን ስኩተሯ ላይ አኖረችው። ወደ በሩ ሄዳ የሻንጣውን እጀታ ያዘች። ጋሽ መስታወት አፉን ከፈተ። እንደ ዱሮው የእሑድ ስልክ ሆነበት።

«ከግቢም አልወጡ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እጇ ላይ ያለውን ልብስ እያየች። «ሞተሯም አልተነሳችም። እሑድ እሑድ ስልክ እስኪጠራ ድረስ ሄልሜታቸውን አድርገው እዚያው በቆመችበት ይቀመጡባታል። ልሰልል ብዬ አይደለም፤ መስኮቴ ወደዚያ ስለሆነ ነው። ያን ዕለት ወደ ኋላ ዞር አሉና፣ ‹አጥብቀሽ ያዢኝ፣ የኔ እናት፤ መታጠፊያው ጋ ደርሰናል› አሉ። ሲዞሩ መቆሚያዋ ከዳት። ቀስ ብላ ነው የወደቀችው። እሳቸውም አብረው፣ ቀስ ብለው።»

እጀታው ከልጁ እጅ ሸሸ።

«ለማን ነው ያዢኝ ያለው?» አለች ልጁ፤ እያወቀች።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«እኔ እንጃ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም።»